ያልተነፈሰው ድምፅ

ዘፋኙ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጓዳ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን ያገኘው የማይክ ማቆሚያ የብረት እግር አጠገቡ ወድቋል፤ የተደፋው ሻይ ወለሉን አርሶታል። ሚስቱ እጇ በደም ተነክሮ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩ ያለቀ መስሎት ካቴናውን አውጥቷል።

«ቆይ እስቲ፣ ምን አጣደፈህ?» አለችው መርማሪዋ። እሳት የላሰች ሴት ናት፤ ለሙዚቃ ግን ደንታ የላትም።

ባንዱ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ረጃጅም የሮክ ሙዚቃ ነው የሚጫወተው። አንዱ ዘፈናቸው ተጀምሮ እስኪያልቅ ልጅ ተወልዶ ይዳራል እያሉ ወዳጆቻቸው ይቀልዱባቸዋል። የማንንም አሳታሚ ደጅ ሳይጠኑ፣ በራሳቸው እየቀረጹ በራሳቸው እየሸጡ አርጅተዋል። አራት ነበሩ፦ «ደወል» የሚባለው ሟቹ ዘፋኝ፣ ጊታር የሚጫወተው ታናሽ ወንድሙ፣ ድራም መቺው «ነጎድጓድ» እና ኪቦርድ ተጫዋቹ «መነኩሴ»። የዚያን ቀን ከሰዓት «ጎርፍ» የተባለውን ረጅም ሥራቸውን በወዳጆቻቸው ፊት እየቀረጹ ነበር።

በ«ጎርፍ» መሀል ላይ ዘፋኙ ሥራ ስለሌለው ሁልጊዜ ጓዳ ገብቶ ሻዩን ይጠጣል። መብራቱ ጠፍቶ ጊታሩና ድራሙ ላይ ብቻ ይበራል። መነኩሴ ደግሞ ከኋላ፣ ከመድረኩ መጋረጃ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቆያል። እንግዲህ ሦስቱም ሲጫወቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷቸዋል። የውጭውን በር እየጠበቀች ብቻዋን የነበረችው ሚስትየው ናት።

«ለምንድነው በሩን ትተሽ ወደ ጓዳ የመጣሽው?» ጠየቀቻት መርማሪዋ።

«የመነኩሴ ድምፅ ደረቀብኝ።»

«ደረቀብኝ ስትይ?»

«ያቺን ድምፅ እንዲሁ አይዛትም። የኪቦርዱን ፔዳል በእግሩ እየረገጠ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ ትተነፍሳለች። ዛሬ ቀጥ አለች። አሞት ይሆን ብዬ በጓዳው በኩል ወደሱ ስሄድ ባሌን አገኘሁት።»

ፖሊሱ ሳቁ አመለጠው። «ውሃ የማያነሳ ምክንያት! ባሏ ላይ ስትቀና ነው የኖረችው፤ አገር ያውቃል።»

«አዎ እቀናለሁ!» አለች ቀና ብላ። «ሴቱ ሁሉ አንገቱ ላይ ሲጠመጠም ምን ላድርግ፣ ላጨብጭብ? ቀናሁ እንጂ አልገደልኩም። ልጆቼ እናታችሁ አባታችሁን ገደለች እየተባሉ ይደጉ?»

መርማሪዋ ለፖሊሱ ካቴናውን ወደ ኪሱ እንዲመልስ በእጇ ጠቆመችው።

ታናሽ ወንድምየው እያለቀሰ ነው የቀረበው። «ቅናትማ እኔ ጋ ነው ያለው። ሰው "የደወል ወንድም" ይለኛል እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ግን ወንድሜ እኮ ነው! መብራቱም እላዬ ላይ ነበር።»

ነጎድጓድ «እኔ በማንም አልቀናም» ብሎ ጀመረና የሚቀናባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ አይ ሰው! ሲደክመው ግን ቁም ነገር ጣል አደረገ።

«ዛሬ ጠዋት ደወል "ጎርፍ መሀል ያለችውን ባዶ ቦታ ግጥም ልሞላባት ነው" አለ።»

«መነኩሴስ?»

«እሱ መች ይናገራል? ዝም አይነቅዝም ብሎ የኖረ ሰው። ቀረጻው ሲጀመርም እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ፔዳሉን እየረገጠ ተቀመጠ። በጫማ ከረገጠው አይሰማኝም ይላል።»

መነኩሴ ረጋ ብሎ መጣ። ጫማው በወጉ ታስሯል።

«ሚስትየው ስትጮህ የት ነበሩ?»

«ኪቦርዴ ላይ።»

«ጓዳው ውስጥስ ገብተዋል?»

«ኧረ እኔ! ደም ማየት አልወድም። ሁሉም ሲሮጥ እኔ መድረኩ ላይ ቀረሁ።»

መርማሪዋ ኪቦርዱ ላይ አጎንብሳ በሁለት ቁልፎች መሀል የተሰነቀረች የክብሪት ሣጥን ቁራጭ አወጣች። ከዚያ ቀረጻውን ደጋግማ ሰማች። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ ይቺኛዋ ግን በጆሮ ገባች።

ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸውና ቀረጻውን ከፈተችው። የመነኩሴ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስትል ቆየች። ድንገት ቀጥ አለች። ነጎድጓድ አፉን ከፈተ።

«ሴትየዋ እውነቷን ነው» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ጋ ፔዳሉ ላይ እግር የለም። ቁልፉን ወደታች የያዘው ይሄ ካርቶን ነው። ኪቦርዱ መጋረጃው ሥር ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳው ነው። ጨለማው ውስጥ ማን ያያል? እንግዲህ መነኩሴ፣ ጓዳ አልገባሁም ብለውኛል። ጫማዎን ያውልቁ።»

መነኩሴ አልተነቃነቀም። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አወለቀለት። ጫማው ከላይም ከሥርም ደረቅ ነው፤ ካልሲው ግን ከሥሩ በሻይ ርሷል።

«በካልሲ ገብተው ሻዩን ረገጡ። ያንን ለመደበቅ ጫማ አደረጉበት። በካልሲ የሚጫወት ሰው በሥራው መሀል ጫማውን ምን አሳሰረው?»

ያን ጊዜ የዝምተኛው ሰውዬ ደም ፈላ።

«ባዶ ቦታ ብሎ ጠራት! "ጎርፍ"ን የጻፍኩት እኔ፣ የሚጠራው የሱ ስም! መድረኩ ላይ በሌለበት ሰዓት እንኳ "ደወል! ደወል!" ይላሉ። የኔ የምላት አንዲት ድምፅ ነበረችኝ፤ እሷንም ሊነጥቀኝ! ይኸው፣ ካርቶን ሰክቼ ስሄድ አንዳችሁም አላወቃችሁም። ዕድሜ ልኬን ማን ሰማኝ?»

ጊታሪስቱና ነጎድጓድ አቀረቀሩ። እውነቱን ነዋ፤ አጠገቡ ሆነው አልሰሙም።

«እኔ ሰምቼህ ነበር» አለች ሚስትየው። «አሞህ መስሎኝ እየመጣሁልህ ነበር።»

መነኩሴ እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ በእርጥብ ካልሲው እንደቆመ ወለል ወለሉን ያያል።