ከአልጋው ሥር የታየው

የበያጁ ቁጣ እንደ ሥራው ነበር፤ አንዴ ከነደደ ብረትም አይመልሰው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከደንበኛ ጋር ስትጫወት መርፌዋን የት እንደሰካችው የምትረሳ፣ ጎረቤት በሳቋ የሚያውቃት ሴት። ያ ሳቅ ግን ጦስ ሆነባት። «ለማን ነው የምትስቂው?» ይላታል፤ መልሷን ሳይጠብቅ በጥፊ ያላጋታል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጃቸውና ገና አምስት ዓመቱ የሆነው ታናሿ የአባታቸውን ኮቴ በሰሙ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የነበረ ደንበኛ ከቤቱ ሲወጣ አባትየው አየና የብረት ዘንግ ይዞ ገባ። ልጅቷ ወንድሟን ጎትታ አልጋ ሥር ወተፈችው፤ «ድምፅህ እንዳይሰማ» ብላ ሰው ልትጠራ በረረች። ጎረቤት አስከትላ ስትመለስ ግን... እናቷ በደም ተነክራ ከአልጋው ፊት ወድቃለች። የስፌት መኪናው ተገልብጧል። አባቷ ዘንጉን እንደጨበጠ ግድግዳ ተደግፎ ያለከልካል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዕድሜ ልኳን ያንገበገባትም ይኸው ነበር፤ ምነው እማዬ ሮጣ አልወጣች?

አባትየው እስር ቤት ሞተ። ልጅቷ በእናቷ መኪና እየሰፋች ወንድሟን አሳደገች፤ ፎቶ አንሺም ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር፤ እሱ ምንም አላየም። በሠርጓ ያነሳቸውን ፎቶዎች ስታይ ግን ደሟ ፈላ። ፊቷ የለም! የራሷ የሙሽራዋ ጫማ፣ የአማቷ ተረከዝ፣ የሕፃናት ባዶ እግር...

«ፎቶ አንሺ ነው ወይስ ጫማ ጠጋኝ የጠራሁት? በባሌ ዘመዶች ፊት አዋረድከኝ» አለችው።

እሱ ዓይኑን ጫማዋ ላይ ተከለ። ይሄ ይበልጥ አናደዳት፤ ካሜራውን ነጥቃ ከወለሉ ላይ ከሰከሰችውና አባረረችው። ደም እንደተቃባ ሰው ለዓመታት ተዘጋጉ።

የፎቶ ዐውደ ርእይ መክፈቱን ስትሰማ የእህት አንጀት ነውና አላስቻላትም፤ ሄደች። ግድግዳው ሁሉ እግር ነው። «ስለ ድህነት ነው» ይባባላል ሰው። እሷ ግን ከአንዱ ፎቶ ፊት ደርቃ ቀረች። ካሜራው ወለል ላይ ተቀምጦ የተነሳ፣ በአልጋ ብረት መሃል የሚታይ የሴት ባዶ እግር።

ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል።

«አይተሃል...» አለችው።

«ከጉልበት በታች ብቻ። ማልቀስ ስጀምር የአባባ ጫማ ወደ አልጋው ዞረ። የእማዬ እግር በእኔና በጫማው መሃል ገባ። በሩ ክፍት ነበር እኮ፣ እትዬ። ጫማው ወደ እኔ በመጣ ቁጥር መሃል ትገባለች። ስትወድቅ እንኳ ተረከዟን ወደ እኔ አስጠጋች። ዛሬም የሰው እግር ሳይ፣ ይሄ ይቆማል ወይስ ይሸሻል እላለሁ። ለዚያ ነው ሌላ ነገር የማይታየኝ።»

«እኔ ነኛ እዚያ የወተፍኩህ። እኔ ነኝ ያስገደልኳት።»

«የገደላት እሱ ነው። አንቺ ልጇን ደበቅሽላት፤ እሷም ጠበቀችው።»

እህት ወለሉ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያፈነውን ልቅሶ በሰው ሁሉ ፊት ለቀቀው። ማምሻውን ቤቷ ይዛው ገባች፤ አይተውት የማያውቁ ልጆቿን «አጎታችሁ ነው፣ ሳሙት» አለቻቸው።

ዕጣ ፈንታ አንዱን ሐዘን ለሁለት ገምሳ ለእህትና ለወንድም አሸከመች። ቁራጮቹ እስኪገጥሙ የባከነውን ዕድሜ ግን ማን ይመልሰዋል?