የሳሞዋ መንገደኛ

ያን ቀን ማለዳ አቃቂ እንደወትሮዋ ነቃች። የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ወይዘሮ መሰለች ግቢውን ጠረጉ፤ በጀሪካን ውኃ ቀዱ፤ ተከራያቸውን ፈርዶሳን በመስኮት «ነቃሽ?» አሏት። ፈርዶሳ ታጠበች፤ ሰገደች፤ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች።

ፓስፖርቷ የለም።

በረራዋ ማታ ነው። ደላላው ፈቀደ አሜሪካን ሳሞዋ ወስዶ ስፌት ፋብሪካ ሊያስቀጥራት ነበር። «የአሜሪካ ግዛት ነው። እዚያ ከገባችሁ ኒው ዮርክ በአውቶብስ ነው» ብሏታል። እሷም ቃሉን አምና ሥራዋን ለቃለች።

ሳጅን ደበላ ከፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ መጣ። በሩን አየ፤ ሻንጣውን አየ።

«ቁልፉ አልተሰበረም። ሌላ ምን ጠፋ?»

«ምንም።»

«ይሄ የወርቅ ጉትቻስ?»

«እዚያው ከፓስፖርቱ ጋር ነበር።»

«እንግዲያው ሌባ አይደለም። እንዳትሄጂ የፈለገ ሰው ነው። ማነው?»

ፈርዶሳ አላመነታችም። «ወንድሜ።»

ሀይረዲን ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሟል።

«እንዳትሄድ ብለሃታል?» አለው ሳጅኑ።

«ብያታለሁ።»

«ትናንት እዚህ ቤት ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ። በሶ ላመጣላት።»

«ፓስፖርቴን አምጣ» አለች ፈርዶሳ። «እኔ ሲያልፍልኝ ማየት አትወድም። ምቀኛ ነህ።»

ሀይረዲን አያት። «ሌባም በይኝ፤ እሱ ነው የቀረሽ።»

ሳጅኑ ኪሱን ፈተሸ። ሱቁንም አስፈተሸ። ምንም አልተገኘም።

ቀጥሎ ጎረቤቷ አዚዛ ተጠየቀች። ፈቀደ «ቦታው ሞልቷል» ብሎ የመለሳት ናት።

«በሷ ፓስፖርት ልሄድ?» አለች አዚዛ። «ይሄን አፍንጫ ይዤ? ቦሌ ሳልደርስ ይመልሱኛል።»

ሰው ሳቀ። ሳጅኑ ግን ጥግ ላይ ወደተከመረው ስንቅ እያየ ነበር።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«በሶው የሀይረዲን ነው። ዳቦ ቆሎው የአዚዛ። ሽሮና በርበሬው የጎረቤት።»

«የአከራይሽስ?»

«እሳቸው ምንም አልሰጡኝም» አለች ፈርዶሳ። በዚያ ሰፈር ወይዘሮ መሰለች ስንቅ ሳይቋጥሩለት የወጣ መንገደኛ የለም። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እጃቸው የለመደው ሥራ ነው። ለእሷ ግን አንዲት ፍሬ ቆሎ አላመጡም። ሌሊቱን ሙሉ ቅር ሲላት አድሯል።

ሳጅኑ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ተለዋጭ ቁልፍ እርስዎ ጋ አለ፤ አይደል?»

«አለ።»

«ስንቅ ያልቋጠሩላት እንደማትሄድ ስለሚያውቁ ነው።»

ወይዘሮ መሰለች አልካዱም። ፓስፖርቱን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ሰጡት።

«ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው» አሉ። «ሳሞዋ በውቅያኖስ መካከል ያለ ደሴት ነው፤ ከዚያ ኒው ዮርክ የሚያደርስ አውቶብስ የለም። ሕዝቡ ጥቂት ነው። መሬቱ የቤተዘመድ ነው፤ አለቃ የሚሆነውም የቤተዘመዱ ሹም ነው። ትልቁ ሥራቸው ዓሣ በቆርቆሮ ማሸግ ነው። አሜሪካ ይገዛዋል፤ ግን እዚያ የተወለደው እንኳን በልደቱ ብቻ የአሜሪካ ዜጋ አይሆንም። ማን እንደሚገባ የሚወስነው የደሴቱ መንግሥት ነው። እዚህ የተለጠፈው ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ ነው፤ እዚያ አያስገባም። ነገርኳት። ‹እትዬ፣ ያ የመጽሐፍ ነው› አለችኝ።»

«ለማስመሰል እንኳ ትንሽ ስንቅ ቢሰጧት ማን ይጠረጥርዎት ነበር?»

«ለማይመለስ ሰው አንድ ጊዜ ቋጥሬያለሁ» አሉ። «እጄ እሺ አላለኝም።»



በዚህ መሃል ፈቀደ በኮንትራት ታክሲ ደረሰ። «ፈርዶሳ፣ ተነሽ እንጂ» እያለ ገብቶ ፖሊሱን ሲያይ ቆመ።

«ቲኬቱን አሳየኝ» አለ ሳጅኑ። ተቀብሎም አነበበው። «ቤይሩት ይላል። ከቤይሩት ወዲያስ?»

«እዚያ የሚቀበላቸው ሰው አለ።»

«የአሜሪካን ሳሞዋ ዋና ከተማ ማን ትባላለች?»

«ያው... ሳሞዋ ነዋ።»

«ፓጎ ፓጎ» አሉ ወይዘሮ መሰለች።

ፈቀደ ጣቢያ ሲደርስ ሁሉንም ተናገረ። ቪዛው ሐሰተኛ ነው። ፈርዶሳንና እንደ እሷ የመለመላቸውን ልጃገረዶች ቤይሩት ላይ ለቤት ሠራተኛ ደላሎች ሊያስረክባቸው ነበር። ታዲያ ሳሞዋን ከየት አመጣኸው ሲባል «ቤይሩትን ሰው ያውቃታል፤ ይፈራታል። ሳሞዋን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የሚጠይቀኝ የለም» አለ። በዚያው ማታ ሌሎች ሦስት ልጆች ከቦሌ ተመለሱ።

ፈርዶሳ ስለ ፓስፖርቱ ያቀረበችውን አቤቱታ ተወች። የወይዘሮ መሰለችን ጉልበት ይዛ «አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ» ስትል አለቀሰች።

«በይ ተነሽ» አሏት። «እራት እንብላ።»

አሁን ገላን አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥራለች። ማታ ስትገባ መጀመሪያ የምታንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። የሚያስፈልጋቸው ነገር ባይኖርም ታንኳኳለች።

ሀይረዲን ቀድሞ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሲያጫውታት ይውል ነበር። ይቅርታ ልትለው ሱቁ ሄዳለች። ስኳር መዘነላት፤ እንደማንኛውም ደንበኛ ሂሳቡን ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ እሁድ አይመጣም።