አምስተኛው ጨዋታ

ሐሴት ጫማዋን ማሰር ታበዛ ነበር። ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ከቡና እጥበት ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ሦስት ቦታ ቁጭ ትላለች፤ ምነው ሲሏት "ጫማዬን ልሰር ብዬ ነው" ትላለች። ጫማዋ ግን ማሰሪያ የሌለው ኮንጎ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ልቧ ታሞ መራመድ ሲያቅታት፣ እናትና አባቷ እንዳይጨነቁ ብላ ትዋሽ ነበር! እናቷ እታገኝ ነገሩ ገብቷት እያየች እንዳላየች ትሆናለች። አዲስ አበባ ያዩዋት ሐኪሞች ልቧ ቶሎ ካልተጠገነ እንደማትቆይ ነግረው ለጥር አሥራ ስምንት ቀጠሯት። ከነመድኃኒቱና ከነማረፊያው መቶ ሃያ ሺህ ብር ያስፈልጋል ተባለ።

ታዲያ የሰፈሩ ሰው ዝም አለ? አላለም። ቡናው ሲቀላ ጎረቤታቸው ጋሽ ባየ ደቦ ጠሩ። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ ሸኮው፣ ቤንቹ፣ ከሰሜን የመጣው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም፣ የራሱን ቡና ትቶ የሐሴትን አባት ቡና በዝናብ ለቀመ። የለቀማ ዋጋ የጠየቀ የለም። ቡናው ተሸጦ ስልሳ ሺህ ብር ሲወጣው ጋሽ ባየ ብሩን ለአባትየው ለአሞጽ እያስረከቡ፣ "የቀረውን እኛ ከየቤታችን እናሟላለን። አንተ ይህችን ብቻ ጠብቅ" አሉት። ከዚህ የቀለለ ሥራ ለአባት ተሰጥቶ ያውቃል?

አሞጽ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው። በእጥበት ጣቢያው አሥራ ሁለት ዓመት ቡና ተረካቢ ሆኖ ሠርቷል። ገበሬው እሸት ቡናውን አምጥቶ ሸራ ላይ ይዘረግፈዋል፤ አሞጽ ጥሬውንና የጠቆረውን ለቅሞ ያወጣል፤ የቀረው ተመዝኖ ይከፈላል። በጥቂት የተበላሸ ፍሬ ምክንያት ደህናው ተጥሎ አያውቅም። ዓለም ሁሉ እንደዚያ የሚሠራ መሰለው። ብሩን በተቀበለ በሳምንቱ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የስፖርት መወራረጃ፣ ቤቲንግ ቤት በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ማስታወቂያ አየ፤ "በቴኒስ አምስት ጨዋታ ቆርጠው አንዱ ብቻ ቢወድቅ ብርዎ ተመላሽ ነው። ኢንሹራንስ አለን።" ከሥሩ ጉንዳን የሚያክል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ፤ እሱን ማን ያነበዋል? አሞጽ በልቡ አሰላ። አምስቱም ካሸነፉ ስልሳው መቶ ሃያ ይሆናል፤ ሰው ሳላስቸግር ልጄን አሳክማለሁ። አንዱ ቢወድቅ ብሬ ይመለሳል። ሁለት ይወድቃል ብሎ አላሰበም፤ እዚያ የሚጫወቱት ልጆች አምስቱም የሚያሸንፉ ናቸው ብለውታል። በዕድሜው የቴኒስ መምቻ ነክቶ የማያውቅ ሰው የሠላሳ አንድ ሰው ላብ በአንዲት ወረቀት አስቆረጠ!

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቲንግ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ጨዋታዎቹን አየ። ሦስቱ አሸነፉለት። አራተኛው ተሸነፈ። አሞጽ ላቡን ጠረገና፣ ግድ የለም፣ አንድ ነው፣ ኢንሹራንስ አለ ብሎ ራሱን አጽናና። አምስተኛው ተጫዋች እየመራ ሳለ ባቱን ይዞ ቁጭ አለ። ወዲያው ሐኪም ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ሜዳ ገባ፤ ተንበርክኮ እግሩን አሸለት። ለአንድ ባት! ሐሴት ለልቧ ስንት ወር ጠበቀች? ተጫዋቹ ግን ሞክሮ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ጨዋታውን አቋርጦ ወጣ። አሞጽማ "ምስኪን፣ አሞታል" ብሎ አዘነለት። ከዚያ ቲኬቱን ይዞ ትዝታ የምትባል ወጣት ወደምትሠራበት መስኮት ሄደ።

"እህቴ፣ የወደቀብኝ አንድ ነው። ብሬን መልሺልኝ።"

ትዝታ ቲኬቱን ደጋግማ አየችው። "ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ የሚሠራው ለአምስት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ያቋረጠው ጨዋታ ተሰርዟል። ቲኬትዎ አሁን አራት ነው፤ ከአራቱ ደግሞ አንዱ ወድቋል፤ ስለዚህ ብሩ ተበልቷል።"

"አምስት አይደል እንዴ የቆረጥኩት?"

"አምስት ነበር።"

"የተበላሸው ወጥቶ የቀረው አይመዘንም?"

"እዚህ እንደሱ አይደለም፣ ጋሼ። ቢሠራልዎም ኖሮ የሚመለሰው ከአምስት መቶ ብር አይበልጥም፤ እሱም መጫወቻ ቦነስ እንጂ ጥሬ ብር አይደለም። ታች ተጽፏል።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔም ገና ዛሬ ማንበቤ ነው።"

እስቲ ይህን ምን ብዬ ልጥራው? ማባበያውን በአማርኛ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፤ መካጃውን በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያክል! ግን ንዴቴ እነሱ ላይ ብቻ አያበቃም። ለቀጠሮው ገና ሃያ አራት ቀን ነበረ። ያንኑ ዕለት ሄዶ "ጋሽ ባየ፣ አጠፋሁ" ቢል ይሰድቡት ነበር፣ ምናልባትም ይመቱት ነበር፣ ልጅቷን ግን ከሕክምናው አያስቀሯትም ነበር። አፈረ። ለእታገኝም ለሰፈሩም "ቀጠሮው ተራዝሟል፣ ደውለው ነገሩኝ" አለ። አመኑት፤ አባቷ አይደል? እሱ በየቀኑ ቤቲንግ ቤት እየሄደ ቅሬታ ያስመዘግባል። ጥር አሥራ ስምንት መጣ፣ አለፈ። ሐሴት እስከ በሩ መሄድ እንኳ አቃታት፤ ኮንጎዋን በእጇ ይዛ አልጋዋ ላይ ትቀመጥ ነበር።

የካቲት ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ "አባዬ፣ ቀጠሮዬ ስንት ቀን ቀረው?" አለችው።

"ትንሽ ነው፣ የኔ እናት።"

"እሺ፣ እጠብቃለሁ።"

አልጠበቀችም… በምን ልብ ትጠብቅ? ፀሐይ ሳትጠልቅ እቅፉ ውስጥ ሞተች። አሞጽ ሁሉንም ለእታገኝ የነገራት ያኔ ነው፤ ሬሳ አቅፎ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ለደቦ የወጡት ሰዎች ሁሉ ተቀምጠዋል። የአሞጽ ስልክ ጮኸ። አየውና ወደ ኪሱ መለሰው።

"አንብበው" አለችው እታገኝ።

"በኋላ።"

"አሁን አንብበው። ቡናህን የለቀሙልህ ሰዎች ይስሙ።"

ስልኩን ከኪሱ መልሶ አውጥቶ አነበበ። "ውድ ደንበኛችን፣ ቅሬታዎን ተመልክተናል። የአምስት መቶ ብር ቦነስ ሰጥተንዎታል። በሰባት ቀን ውስጥ ካልተጫወቱበት ይሰረዛል። መልካም ዕድል።"

ከዚያም ቆሞ፣ አንድም ሳይደብቅ፣ ያደረገውን ተናገረ። ማንም አልጮኸበትም። ጋሽ ባየ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና፣ "ብሩስ ብር ነው፤ ለምን አልነገርከኝም፣ አሞጽ?" አሉት። እታገኝ ወደ ቤት ገብታ ወጣች። የሐሴትን ኮንጎ ጫማ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"በል" አለችው፤ "ይህችን ብቻ ጠብቅ።"

ሰው ዕድሏ ነው ይላል፤ ከላይ የተጻፈባት ነው ይላል። እኔ ግን የት እንደተጻፈ አውቃለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ፣ በሩ ላይ፣ ከትልቁ ፊደል ሥር ነው የተጻፈው። ማስታወቂያው ዛሬም አልተነሣም። ያ ባቱን ያመመው ተጫዋችም በአሥራ አምስት ቀኑ ድኖ ወደ ሜዳ ተመልሷል።