ሃያ ሊትር

«ሃያ ሊትር ነው ያልሽኝ? ይሄ ነው ሃያ ሊትር?»

ሾፌሩ ጀሪካኑን ብድግ አድርጎ መሬት ላይ ዱብ አደረገው። ውስጡ ያለው ቤንዚን ተናጠና ረጋ። ከጀሪካኑ አንገት ሥር በሚስማር የተጫረች ምልክት ነበረች። ቤንዚኑ ከምልክቷ ሦስት ጣት ያህል ጎድሏል።

ቀጮ ባዶውን የምሳ ዕቃ እንደያዘች ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል በር ላይ ደርቃ ቀረች። ቀጮ ያሏት ከትንሽነቷ ጀምሮ ነው፤ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳም ሰውነቷ አልሞላም። እንደ ሁልጊዜው በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥታ ማደያው ውስጥ ለምትሠራው ታላቅ እህቷ ምሳ አምጥታ ነበር።

«ማሽኑን ይዩት» አለች እህቷ፤ የነዳጁን ጎማ ወደ ቦታው እየመለሰች። «ሃያ ይላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።»

«ማሽኑን ምን ላድርገው? መኪናዬ የሚሄደው በቁጥር ነው እንዴ? ሁሌ በዚሁ ጀሪካን ነው የምቀዳው! ሌላ ማደያ ሃያ ሲሉኝ ምልክቷን ይነካል። እዚህ ግን ሰው ቆሞ እያየ ይዘረፋል። ሌባ!»

ሌባ የምትለው ቃል ስትወጣ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጡሩንባቸውን አቆሙ። ከየመስኮቱ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። ቀጮ እህቷ ማሽኑን ከዜሮ አስጀምራ መቅዳቷን በዓይኗ አይታለች። እህቷ ለማንም ሰው ቁጥሩን ሳታሳይ የነዳጁን ጎማ አታነሳም። ሾፌሩ ግን ያኔ ስልኩ ላይ ነበር።

የማደያው ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ወጣ። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ሁሉንም ሰው «የኔ ልጅ» የሚል ሰው ነው። የሾፌሩን ትከሻ አቅፎ ለስለስ ባለ ድምፅ አናገረውና እህቷን ጎማ ወደሚነፋበት ጥግ ጠራት። ቀጮ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሁሉም ይሰማታል።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ከዜሮ አልጀመርኩም በይው። ከፊቱ የነበረው ሰው የቀዳው ላይ ቀጠልሽ፣ ተሳሳትሽ፣ አለቀ። የጎደለውን እኔ እሞላለታለሁ።»

«ጋሼ፣ ከዜሮ ነው የጀመርኩት።»

«አውቃለሁ።»

እህቷ ቀና ብላ አየችው።

«አውቃለሁ» አለ ደግሞ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ሰው ተሳሳተ ሲባልና ማሽን ተሳሳተ ሲባል አንድ አይደለም። ማሽኑ ነው ከተባለ ማደያው ይታሸጋል። ከታሸገ ደግሞ እናንተ ሁላችሁም ሜዳ ላይ ናችሁ።» ቀና ሲል ቀጮን አያት። «አንቺም እዚሁ ነበርሽ አይደል? ዜሮ እንዳልነበረ አይተሻል።»

የቀጮ አንገት በራሱ ተነቀነቀ። ነቀነቀች ማለት ይከብዳል፤ አንገቷ ግን ወርዶ ወጣ።

«ጎበዝ!» አለና ጭንቅላቷን ዳበሳት።

ሾፌሩ የተሞላለትን ጀሪካን ይዞ ሄደ፤ ነገሩን ግን አልተወውም። መኪናውን ሲያስነሳ አንገቱን አውጥቶ «ለልኬት ቢሮ ደውያለሁ! ነገ ጠዋት ይመጣሉ፤ እኔም እመጣለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ማታ በአንዲቷ ክፍላቸው ውስጥ እህቷ እጇን በሳሙና ደጋግማ ትታጠብ ነበር። የቤንዚን ሽታ ከጣቶቿ አይለቅም። እናታቸው ሌላ ከተማ ሰው ቤት ስለምትሠራ፣ ቤቱን የያዘችው እህቷ ናት።

«እትዬ፣ ማሽኑ ሃያ እያለ እንዴት ይጎድላል?» አለች ቀጮ።

«ማሽኑ ነዳጁን አያየውም» አለች እህቷ ፊቷን ሳታዞር። «ከመሬት በታች ካለው ታንከር ይስባል። ሲያልፍ ውስጡ ያለው መለኪያ ይዞራል፤ ዙሩ ይቆጠራል። ይህን ያህል ዙር አንድ ሊትር ነው ተብሎ ተሰጥቶታል። ሊትሩን በዋጋው ያባዛና ያሳይሻል። አንድ ሰው ገብቶ መለኪያውን ትንሽ ካጠበበው፣ ዙሩ ያው ነው፤ የሚወጣው ግን ያንሳል። ለዚህ ነው ማንም እንዳይነካው የልኬት ቢሮ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም የሚያሽገው።»

ቀጮ የእሁዱ ነገር መጣባት። እሁድ ዕለት አንድ ጥገና ሠራተኛ የማሽኑን ጎን ከፍቶ ተንበርክኮ ነበር። በጉጠት ሽቦ ሲቆርጥ፣ የሆነች ነገር ሲያጠብቅ አይታዋለች። ሥራ አስኪያጁ ከጎኑ ቆሞ ግራ ቀኙን ይቃኝ ነበር። እሷን ሲያይ ደንገጥ አለና፣ ከሱቅ ለስላሳ አስመጥቶ ሰጣት። «ጥገና ነው» አላት ሳትጠይቀው።

«እሁድ እኮ...»

«አንቺ ምንም አላየሽም!» እህቷ እጇ እየተንጠባጠበ ዞረች።

«ምን እንደምል አላወቅሽም እኮ።»

እህቷ መለስ ብላ ፎጣ ፈለገች። «ያየሽውን ዋጪው ነው የምልሽ። ዋስ አምጪ ሳይል ሥራ ያስገባኝ ማን ነው? ባለፈው ስትታመሚ ሐኪም ቤት በመኪናው ያደረሰን ማን ነው?»

«ሾፌሩ ሰው ፊት ሌባ ሲልሽስ?»

እህቷ መብራቱን አጠፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀጮ የእህቷን ትንፋሽ ስታዳምጥ አመሸች፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም።

ጠዋት ቀጮ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለትምህርት ቤት ወጣች። መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል እግሯ ወደ ማደያው ወሰዳት። ደጁ ላይ ስትደርስ ያ ጥገና ሠራተኛ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ሲወጣ አየችው። ዕቃ መያዣውን ከኋላ አስሯል። እሁድ የነካውን ሊመልስ መጥቶ ነው ብላ ጠረጠረች።

ከልኬት ቢሮ የመጡት ተቆጣጣሪ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። አንገቱ ላይ የመስታወት መስኮትና ቀይ መስመር ያለው የሚያብረቀርቅ መለኪያ ዕቃ ይዘዋል። ማሽኑን ከዜሮ አስጀምረው ሃያ ሊትር አስቀዱ፤ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩ። ቤንዚኑ ቀዩ መስመር ላይ ልክ ብሎ ቆሟል።

«ትክክል ነው» አሉ።

ሾፌሩ አላመነም። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ። «ታዲያ የትናንቱ?»

«ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ። «ከዜሮ አልጀመረችም። ወጣት ናት፣ ይደክማታል። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ሾፌሩ በእህቷ ላይ አፈጠጠ። «አላልኩም? ሌባ!»

ተቆጣጣሪዋ ወደ እህቷ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ?»

እህቷ የደንብ ልብሷን ቁልፍ ታሻሽ ጀመር። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ «አዎ» የሚል የሚመስል ትንፋሽ ከአፏ ወጣ።

«ዜሮ ነበር!»

ቀጮ ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ሲዞሩባት ነው። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንቺ፣ ትናንት ሌላ አልነበር እንዴ ያልሽኝ?»

«ምንም አላልኩም። አንገቴን ነው የነቀነቅሁት። ፈርቼ ነው።»

«የማን ልጅ ናት?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«የሷው እህት ናት» አለ እሱ ቶሎ ብሎ። «እህት ለእህቷ ብትመሰክር አይፈረድባትም።»

የእሁዱ ነገር በቀጮ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። እህቷን አየቻት። ዋጪው ብላታለች። ሥራው የእህቷ ነው፤ ቤቱ የቆመው በዚህ ሥራ ነው። የዜሮውን ነገር ብትናገር የራሷን ውሸት አነሳች እንጂ የማንንም እንጀራ አልዘጋችም። ሌላው ግን...

እህቷ ቁልፉን ማሻሸቷን ተወች።

«እሷ አትዋሽም» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዜሮ ነው የጀመርኩት። እሁድ ዕለት ማሽኑ ተከፍቶ ሽቦው ተቆርጧል። እኔም አይቻለሁ።»

ቀጮ አፏ ተከፍቶ ቀረ። እህቷም አይታ ኖሯል!

ተቆጣጣሪዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩና የማሽኑን ጎን ከፈቱ። ሽቦው ላይ ያለችውን እርሳስ በአውራ ጣታቸው አገላበጧት፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፣ መልሰው አድርገው አዩዋት።

«ይቺ ማኅተም የኛ አይደለችም» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወሬ ሆነ። ስልክ ተደወለ፤ ማሽኑ ተጠቅልሎ ታሸገ፤ የተሰለፉት መኪኖች እየተነጫነጩ ዞረው ወጡ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። «እህቴ፣ እኔ እንግዲህ... የታየሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለ። እህቷ «እሺ» ብቻ አለችው። ይቅርታው ዘግይቶባት ይሁን ደክሟት፣ ቀጮ አልለየችውም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ሲገባ በእህቷ አጠገብ አለፈ። አልጮኸም። «ያለ ዋስ ነበር ያስገባሁሽ» አላት። ቢሰድባት ይሻል ነበር።

እህቷ ልብሷን ለመቀየር ወደ ማረፊያው ክፍል ሄደች። ከመግባቷ በፊት ቆም አለች።

«ትምህርት ቤት አትሄጂም? አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይጀምር ትደርሺያለሽ።»

«አልሄድም፤ ማለቴ... ከሰዓት እገባለሁ። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ ያለውን እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ ቀጮ።»

ደህና እንዳልሆነች ከድምፅዋ ያስታውቃል። ቀጮ ግን አልተከራከረቻትም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀመጠች፤ እህቷ ስትወጣ አጠገቧ የምትቀመጥበት ቦታ ትታ።