ሲሻልህ ትገባለህ

«እውነት ማንንም ገድሎ አያውቅም፤ የሚገድለው መደባበቅ ነው» ትላለች አነፍናፊዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት መርማሪ ፖሊስ ባልደረቦቿ ሊያበሽቋት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ወስዳው አረፈች። በእጇ የገባ ሞት ሁሉ ተፈትቷል። ይህንንም የምታወራው ራሷው ናት።

ያን ቀን የተጠራችው ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ ነበር። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ኪሱን ፈተሸች። አንድ እፍኝ ከረሜላ አገኘች፤ አንዱም አልተላጠም።

ሰውየው የሞተው ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ነገራት፤ ሆዱም ባዶ ነበር። ሰዓት ሠሪው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ያን የሚያህል ሰው መርፌ ስለሚፈራ ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን የምትወጋው ሚስቱ ነበረች።

ወሬው ግን አነፍናፊዋን ቀድሟት ደርሷል። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የአባልነት ትምህርት የሚያስተምሩት ሽማግሌ፣ ሰውየው አባል ልሁን እያለ ዓመታት ደጅ ጠንቶ ተስፋ ስለቆረጠ መድኃኒቱን አብዝቶ ራሱን አጥፍቷል ብለዋል። በዚህ የተነሳ ከአባላቱ ጋር እንዳይቀበር ተከልክሏል። ሚስትየዋ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ራሱን አጠፋ የሚለውን ስም እንድታነሳለት።

«መድኃኒቱን ማን ለካው፣ እማማ?»

«እኔ ነኛ፣ ልጄ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ።»

«ቁርስስ?»

«እንቁላልና ዳቦ በሳህን ቋጥሬለት ሱቅ ይዞት ይሄዳል። ሳህኑ ጥርግ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ እንዲያውም ሰሞኑን...»

«እማ፣ ደክሞሻል፤ ተይው በቃ» አለች ልጇ ፈጠን ብላ። አነፍናፊዋ ይህን ልብ አለች። የመድኃኒቱን ጠርሙስም አየች። የጎደለው ልክ ሊጎድል የሚገባው ነበር።

ከሱቁ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ስለ ሟቹ ሲጠየቅ ስለ ራሱ ውሻ ነበር የሚያማርረው። ውሻው ሰሞኑን ጌታ ሆኗል፤ የቀረበለትን አሽትቶ ጥሎ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት የት እንደሚውል ጠየቀችው።

«ሰዓት ሠሪው በር ላይ ነዋ። ምን እንደሚያበላው እንጃ።»

ሽማግሌው ዘንድ ስትደርስ ደንቡን በትሕትና አስረዷት። አባል የሚሆን ሰው በጉባኤው ፊት ከመቆሙ በፊት ሦስት ቀን ይጾማል።

«ሕመምተኛ ነኝ ሲለኝ አላስጨነቅኩትም። ሲሻልህ ትጾማለህ፣ ሲሻልህ ትገባለህ አልኩት።»

«ስኳር እኮ የሚለቅ በሽታ አይደለም፣ አባባ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። «ባለፈው ሳምንት መጥቶ ተሻለኝ አለኝ» አሉ።

ስትወጣ የሟቹ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «የደረሱበትን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» አለቻት። «መቃብር የትም ይገኛል። እናት ግን አንድ ናት።»

አነፍናፊዋ ይቺም አንድ ነገር ደብቃለች ብላ አሰበች። ደግሞም ሰው ሰብስቦ መናገር ነፍሷ ነው። ሁሉንም የአባልነት ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል አስቀመጠቻቸው፤ ሚስትየዋን ከፊት ወንበር ላይ።

«መድኃኒቱ አልበዛም» ብላ ጀመረች። «ቁርሱም ተሠርቷል። ሆዱ ግን ባዶ ነው። ታዲያ ሳህኑን ማን ጠረገው? የልብስ ሰፊው ውሻ። ሰውየው ለሽማግሌው ተሻለኝ አለ፣ ለሚስቱ በላሁ አለ፤ እሱ ግን ሦስቱን ቀን እየጾመ ነበር። መርፌውን እምቢ ቢል ሚስቱ ትነቃበታለች። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ደግሞ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ከረሜላው ኪሱ ውስጥ ነበር። ያልላጠው ሊሞት ፈልጎ አይደለም። የጾሙ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ሊጨርስ ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ከአባላቱ ጋር እንደሚቀበር የተናገሩት በማይሰማ ድምፅ ነበር።

ሚስትየዋ አልሰማቻቸውም። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታያለች። «ካልበላ...» አለች፤ «እኔ ነኝ እኮ የወጋሁት።» ለወትሮው ስትወጋው እንደ ሕፃን ፊቱን አዙሮ ይቀልድባት ነበር። በእነዚያ ጠዋቶች ግን ዓይን ዓይኗን ሲያያት ነበር። ምን ሆነሃል ብላ አልጠየቀችውም።

አነፍናፊዋ ምስጋና ጠብቃ ስታጣ ግራ ተጋባች። «እንግዲህ ራሱን አላጠፋም፤ ስሙ ነጽቷል» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «አንቺስ የደበቅሽው ምን ነበር?»

ልጅቷ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

«ይህንኑ ነው። ውሻውን የአባቴ ሱቅ በር ላይ ሳየው ያኔውኑ ገብቶኛል። ዝም ያልኩት እናቴ እንድትኖር ነበር። አንቺ እንደሆንሽ ተናግረሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»