የጋሽ ምድብ ወንበር

አስከሬኑ የተገኘው በአየር ማጣሪያ ክምር ሥር ነው። የመኪና አየር ማጣሪያ ማለት ወረቀትና ስፖንጅ ነው፤ መቶው ቢከመር አንድ ጆንያ ድንች አያህልም። ሰውዬው በዚህ ተመትቶ ሞተ መባሉን ግን መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ ተቀብለውታል። እንዲህ ያለ ነገር ለመቀበል ወይ ሞኝ መሆን ወይ መፍራት ያስፈልጋል፤ እነሱ ሁለቱንም ነበሩ።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ባለመደብሩ፣ ከአስከሬኑ ይልቅ ለጫማው እየተጠነቀቀ። «መደርደሪያው ተናደበት። አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። በዚህ ዕድሜህ አትንጠልጠል ብዬ ስንቴ ነገርኩት መሰለዎት!»

መርማሪዋ አዛጋች። ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት፣ አጭርና ደንዳና ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ታዛጋለች የሚል ወሬ አለ። እውነቱ ግን የምታዛጋው ስትሰለች ነው፤ ሰው ደግሞ ቶሎ ያሰለቻታል።

ጎንበስ ብላ ማጣሪያዎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ከመካከላቸው እንደ ሳህን ክብ የሆነ ከባድ ብረት ወጣ፤ የፍሬን ዲስክ ነው። ጠርዙ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

ወንዶቹ ተያዩ። መልሱ የመጣው ካርቶን ላይ ተቀምጣ ከምታለቅሰው ወጣት ሴት ነው። የሟቹ ልጅ ናት፤ በመጋዘኑ ዕቃ አሻጊ ሆና ትሠራለች።

«ፍሬን እዚህ አይቀመጥም። ፍሬን ያኛው ጥግ ነው። አባቴ ዲስክን ከማጣሪያ ጋር ከሚያስቀምጥ እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው ያመጣው» አለች መርማሪዋ። «ከዚያኛው ጥግ ይዞ መጥቶ፣ መትቶ፣ መደርደሪያውን ጎትቶ ጣለበት። አደጋ ሃያ እርምጃ አይራመድም።»

መደብሩ የመኪና መለዋወጫ በኢንተርኔት ይሸጣል። የሟቹ ሥራ እያንዳንዱን ዕቃ ከየምድቡ ማስገባት ነበር፦ ሞተር፣ ፍሬን፣ መሪ፣ መብራት፣ ማስዋቢያ፣ ከዚያም ዓመተ ምርቱን፣ ከዚያም ግራና ቀኙን። ዕቃው ከምድቡ ከሳተ ገዢው አያገኘውም፤ ቢያገኘውም ለመኪናው አይሆነውም። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ያረጀው ሰውዬ ይህን ሥራ እንደ ክህነት ይዞት ስለነበር «ጋሽ ምድብ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት በአክብሮት፣ ከኋላ በሳቅ።

መርማሪዋ ሰዎቹን ያነጋገረችው በእሱው ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ያገለገሉ የመኪና የፊት መብራቶች አሉ፤ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ ግድግዳው። ሳጥንም ምልክትም የላቸውም። ጥግ ላይ ከአሮጌ ታክሲ የተነቀለ የሾፌር ወንበር ወለሉ ላይ ታስሯል፤ ከፊቱ መሪ ቆሟል። አንድ ፖሊስ በሩ አጠገብ ማስታወሻ ይዞ ቆመ።

መጀመሪያ የገባው ባለመደብሩ ነው። ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ።

«ግድያ ነው ካሉ እንግዲህ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የሥጋ ዘመዴ ናት። ግን እውነት እውነት ነው።» ኮምፒውተሩን አዞረላት። «ይኸው፣ አጎቴ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ሥራ መዝግቧል። እኛ ሦስታችን፣ ወንዶቹ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ጀምሮ ጥጉ ላይ ካለው ምሳ ቤት ነበርን። እስከ ስምንት አልተነሳንም። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ የነበረችው ልጁ ብቻ ናት። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምተናል።»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«እኔ የቤተሰብ ገበና ውስጥ አልገባም።»

አሁን ገባህ እኮ፣ አለች መርማሪዋ በልቧ። ከዚያ ነገሩን እንደተወች ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፣ የእኔም መኪና የግራ የፊት መብራቱ ተሰብሯል። ከእነዚህ የግራው የትኛው ነው?»

ባለመደብሩ ደስ አለው። አዋቂነቱን የሚያሳይበት አጋጣሚ ያገኘ ሰው ሐዘኑ ቶሎ ይለቀዋል። መብራቶቹን ፊት ለፊቱ አስተካክሎ አየና ወደ ግድግዳው ያለውን አነሳ። «ይሄ ነው። ለእርስዎ ዋጋውን እንቀንሳለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መልሳ በቦታው አስቀመጠችው።

ቀጥሎ ፎቶ አንሺው ገባ። ብሎንን እንደ ሙሽራ ሲያሽሞነሙን የሚውል፣ ሰው ሲያዋራው ግን መስታወት የሚፈልግ ዓይነት ነው።

«ጠላሁት አልልም፣ ግን ያንገበግበኝ ነበር» አለ። «ያማረ ፎቶ አንስቼ ሳመጣ ‹ጥላው ቀዳዳውን ሸፈነው፣ ድገም› ይለኛል። እኔ አርቲስት ነኝ እኮ!»

«ምሳ ስንት ሰዓት ወጣህ?»

«ስድስት ከሃያ። ብቻዬን። ውጭ ትንሽ ሲጋራ አጭሼ ገባሁ።»

«የግራው መብራት የትኛው ነው?»

ፎቶ አንሺው በአሮጌው ወንበር በኩል አጮለቀ፣ ግራ እጁን ትንሽ አነሳና ወደ መስኮቱ ያለውን አመለከተ።

ኮምፒውተረኛው ደግሞ ስድስት ተኩል ላይ ብቻውን ወጥቷል። የመዝገቡን ሥርዓት የሠራው እሱ ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ከስልኩ አያነሳም።

«ሰባት ከሩብ ላይ የመዘገበው ሰው በየትኛው ማሽን እንደገባ ይታወቃል?»

«አይታወቅም። ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ጋሼ፣ ማለት ባለቤቱ፣ በርካሽ ሥራልኝ አለኝ፣ በርካሽ ሠራሁለት። ከስልክም ቢሆን መግባት ይቻላል።»

«የሽማግሌው የይለፍ ቃል?»

«ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ይኸው።»

እውነትም በትልልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። መርማሪዋ አዛጋች። «ምን ምን ነው የተመዘገበው?»

«ሁለት ነገር። እነዚህ መብራቶች፣ ሌላው ፍሬን ሸራ።» እዚህ ላይ ሳቁ አመለጠው። «ሽማግሌው ጉድ ነበር እኮ። አዲስ የገባ ስድስት መቶ ሳጥን ፍሬን ሸራ ነበር። ትናንት አንዱን ፈትቶ በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ተነስቶ ሁሉንም ከፍሬን ምድብ አወጣና ‹ማስዋቢያ› ውስጥ ከተተው። ‹መኪና አያቆምም፣ ለማማር ብቻ ነው› አለ። ጋሼ አብዶ ነበር። ዛሬ ሰባት ከሩብ ላይ ግን ራሱ ሽማግሌው ወደ ፍሬን መልሶታል።»

«ራሱ?»

«ስሙ እንደዚያ ይላል።»

የግራውን መብራት ስትጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ወደ መስኮቱ ያለውን ጠቆመ።

ልጅቷ የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። እጇ ውስጥ የፖስታ ቤት ደረሰኞች ጨብጣለች፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሃያ ሦስት ጥቅል ስታስመዘግብ ነበር።

«ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሼ ታች ግቢው ውስጥ ምሳዬን በላሁ። አባቴን አልጠራሁትም። ተኳርፈን ነበር።»

«በምን?»

«ያንን ፍሬን ሸራ ማሸግ ጀምሬ ነበር። ጋሼ አዞኝ። አባቴ አየኝና ‹በእጅሽ ሰው ልትገድዪ ነው?› አለኝ። እኔም ‹የታዘዝኩትን ነው› አልኩት።» ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩት ይሄን ነው፣ እትዬ። አሁን ደግሞ ገደልሽው ይሉኛል። ጋሼ እጄን ይዞ ነው ያሳደገኝ። እንዴት ብሎ…»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አላዛጋችም። መሐረቧን ሰጠቻትና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች ወደ መስኮቱ ያለውን አነሳች።

«ይሄ ወንበር ለምንድነው?»

«አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል። መሪውን አስይዞ ‹ግራ እጅህን አንሳ፤ የመኪናው ግራ ይሄ ነው› ይለዋል። የመኪና ግራና ቀኝ በሾፌሩ ነው የሚቆጠረው። ‹ከፊቱ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚል እግረኛ ነው› ይል ነበር።»

«ሁላችሁም ተቀምጣችኋል?»

«ሠራተኛ ሁሉ።»

መርማሪዋ ሁለቱን መብራቶች ታቅፋ ወደ ግቢው ወረደች። ከራሷ መኪና ጋር አስተያየቻቸው፣ ገብታም መሪዋን ይዛ ተቀመጠች። ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ሸራ እየተጫነበት ነበር። ሾፌሩን ቁልፉን ተቀበለችውና ሁሉንም ሰብስብልኝ ብላ ፖሊሱን ላከችው።

አራቱም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ታጨቁ። ባለመደብሩ ሰዓቱን አየ።

«ገዳዩ አንድ ትልቅ ችግር አለበት» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «መለዋወጫ አያውቅም። ሰውን በወረቀት ገደልኩ የሚል ሰው ነው። ሬሳውን የቀበረው ከማጣሪያ ሥር ነው፤ ዲስኩን የተወው ማጣሪያ መሐል ነው። ዕቃ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ የሞተር ክዳን የተደረደረበትን መደርደሪያ ይጥልበት ነበር፣ እኔም ምናልባት አደጋ ነው ብዬ ቤቴ እገባ ነበር።»

«ኢንስፔክተር፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ…» አለ ባለመደብሩ።

«እሱ ላይ ልመጣ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ሟቹ በሕይወት ከነበረ ገዳይዋ ልጁ ናት፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ሞቶ ከነበረ ግን እሷ ፖስታ ቤት ነበረች፤ ሃያ ሦስት ደረሰኝ አላት። እናንተ ሦስታችሁ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ከሌሎቹ ዓይን የራቃችሁበት ደቂቃ አለ። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ያንን የመዘገበው ማነው?»

«ስሙ እኮ…» አለ ኮምፒውተረኛው።

«የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ልጄ። ስም ምንም አይደለም። የተመዘገበውን እንይ። ፍሬን ሸራው ከማስዋቢያ ወደ ፍሬን ተመለሰ። ትናንት መኪና አያቆምም ያለውን ሽማግሌ ዛሬ በምሳ ሰዓት ማን አሳመነው? ማንም። እሱን ገድሎ በእሱ ስም መመለስ ነበር የተፈለገው። ብቻውን እንዳያጠራጥር ደግሞ የሥራ ለዛ እንዲኖረው ሁለት መብራት ተጨመረበት፤ ጠረጴዛው ላይ ተራ የሚጠብቁት።» ኮምፒውተሩን አዞረች። «ከየፎቷቸው ሥር ተገላቢጦሽ ነው የተመዘገቡት። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ።»

ፎቶ አንሺው አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አየና «አዎ፣ ተገልብጧል» አለ፣ ሳያስበው።

«ጋሽ ምድብ ይህን ሊሳሳት አይችልም። ልጁም አትሳሳትም። እናንተም ሁለታችሁ አትሳሳቱም፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። አራት ሰው ስለ ግራው መብራት ጠየቅሁ። ሦስታችሁ ወደ መስኮቱ ያለውን አሳያችሁኝ፤ ትክክል ነው። አንድ ሰው ብቻ ወደ ግድግዳው ያለውን አነሳ፤ እንደ እግረኛ ፊት ለፊት ቆሞ። ፖሊሱ ጽፎታል።»

ወደ ባለመደብሩ ዞረች። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ነበር።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። አንተ በሁለቱም ተያዝክ። ይህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ…» አለ ባለመደብሩ። «እኔ ባለቤቱ ነኝ! በሠራተኛ ወንበር ላይ ለምን እቀመጣለሁ?»

«አየህ፣ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ ነበር። ንቀህ ተውከው። ሽማግሌውን ንቀህ፣ ዕቃውን ንቀህ፣ የሚገዛህን ሰው ንቀህ። ፍሬን የማይዝ ፍሬን ልትሸጥለት አጎትህን ገደልክ። ይሄ ሳያንስህ እጇን ይዘህ ያሳደግካትን ልጅ በምትኩ ልታሳስር ነበር። ስልክህን አምጣ።»

«ስልኬን ለምን?»

«ምሳ ቤት ተቀምጠህ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ምን ስትነካካ ነበር?»

«ዋይፋይ የለም ብሎ ከእኔ ኢንተርኔት ተበድሯል» አለ ኮምፒውተረኛው፣ በመጨረሻ ዓይኑን ከስልኩ አንስቶ። ሰውየው ሲወድቅ ማየቱ ደስ ሳይለው አልቀረም። እንዲህ ያለው ሰው ድፍረት የሚያገኘው አለቃው ከተያዘ በኋላ ነው።

ባለመደብሩ ስልኩን አላወጣም፤ ፖሊሱ ነው ከኪሱ ያወጣለት።

ግቢው ውስጥ የፖሊስ መኪናው አፍንጫውን ወደ መጋዘኑ በር አዙሮ ቆሟል። ልጅቷ ከበሩ ላይ ቆማ ታያለች። ፖሊሱ እጁ የታሰረውን ሰውዬ ከፊቱ አድርጎ እየነዳ «በግራው በር ግባ» አለው።

ባለመደብሩ ከመኪናው ፊት ቆመ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ሄደና በተሳሳተው በር ቆመ። በሩ ተቆልፏል። እጀታውን በታሰሩ እጆቹ እየጎተተ ይታገላል።

ማንም አልሳቀም። መርማሪዋ እንኳ።

«በዚያኛው ነው፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። ወደ ውስጥ ገባች፣ የአባቷ ጠረጴዛ ጋ ደረሰች፣ በመዝገቡ የመብራቶቹን ግራና ቀኝ አስተካከለች። ቀጥላም ስድስት መቶውን ሳጥን ወደ ማስዋቢያ መለሰች።