ሰርዝ የሚለው ቁልፍ

ፈሪድ የተገኘው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ጆንያ እየወጉ እህል የሚያዩበት ሹል ብረት ከማጅራቱ ገብቶ በጉሮሮው ወጥቷል። ኢንስፔክተር ሉሊት ገሠሠ ስትደርስ ደሙ ገና ከኪቦርዱ ላይ ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ነበር።

ሟቹ አዳማ ላለው ለዚህ የእህል ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ዘበኛው ከውጭ ማንም እንዳልገባ ምሏል። በግቢው የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሂሳብ ሠራተኛዋ ሮማነወርቅ፣ ወደ አርሲ ነገሌ የጭነት መኪና የሚያሰማራው ጀቤሳ፣ የመጋዘን ኃላፊውና የሟቹ የሚስት ወንድም ኡበይደላ። ሦስቱም በየክፍላቸው፣ በየኮምፒውተራቸው ላይ ብቻቸውን እንደነበሩ ተናገሩ።

ሮማነወርቅ፣ ፈሪድ ከግድግዳው ማዶ «ሰርዝን ቀየርኳት፣ እዩዋት» ሲላት እንደሰማች አስረዳች። ከዚያ በኋላ ሰርዝ የምትለው ቁልፍ ስክሪኗ ላይ ከቦታዋ ጠፍታባት ስትፈልግ ቆይታለች። ጀቤሳ ደግሞ አንድ ታርጋ ሊሰርዝ ሲል ማሽኑ ምክንያት ጻፍ ብሎ አስቸገረው። ሊያማርር ወደ ፈሪድ ቢሄድ ሬሳውን አይቶ ጮኸ።

ኡበይደላ ረጋ ብሎ መለሰ። «የጆንያ ቁጥር ተሳስቼ ሰርዝን ተጫንኩ፤ ወዲያው ጠፋልኝ። ጩኸቱን የሰማሁት ያኔ ነው።»

የሟቹ ሚስት በድሪያ እያለቀሰች መጣች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አለች። ሉሊት አየቻት እንጂ አልተጫነቻትም።

ከፈሪድ ጋር ይሠራ የነበረውን ኪዳነወልድን አስጠርታ፣ ቁልፏ የተቀየረችው በሮማነወርቅና በጀቤሳ ገጾች ላይ ብቻ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችው።

«አይሆንም» አላት። «ለየገጹ የተሠራ ቁልፍ የለም። አንዴ ተሠርታለች፤ የሂሳቡም፣ የመኪናውም፣ የመጋዘኑም ገጽ እሷኑ ነው የሚጠቀሙት። እሷ ስትነካ ሁሉም ጋ ይቀየራል።»

ሉሊት ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ፣ በኡበይደላ ኮምፒውተር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። «አቶ ኡበይደላ፣ እስኪ አንድ መስመር ይሰርዙልኝ።»

ኡበይደላ ማውዙን ወደለመደው ቦታ ወሰደ። ቦታው ባዶ ነው። ስክሪኑን ላይ ታች አሰሰና እጁ ቆመ።

«ፈሪድ ቁልፏን ሲቀይር በሕይወት ነበር፤ ሮማነወርቅ ድምፁን ሰምታዋለች» አለች ሉሊት። «ጀቤሳ እስኪጮህ ድረስ እዚህ ተቀምጠው ቢሰርዙ ኖሮ ቁልፏን አጥተው ይፈልጓት ነበር። ካገኟትም ምክንያት ትጠይቅዎት ነበር። የነገሩኝ ግን የድሮዋን ነው። አዲሷን አላዩም፤ ምክንያቱም በዚያን ሰዓት ብረቱን ይዘው ፈሪድ ክፍል ነበሩ። ለምን እንደሆነ የእህትዎ ፊት ይናገራል።»

ኡበይደላ አልካደም። ፈሪድን እህቴን ተዋት ብሎ ሦስት ጊዜ እንደለመነው፣ ዛሬ ግን ፈሪድ ከስክሪኑ ዓይኑን እንኳ ሳያነሣ «ሚስቴ ናት» እንዳለው ተናገረ። ከዚያ ወደ በድሪያ ዞረ። «ስላንቺ ነው።»

በድሪያ ማልቀሷን አቆመች። «ዛሬ ጥዬው ልወጣ ነበር» አለችው። «ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። አንተ ቤት ልመጣ ነበር።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ወንድሟ ራሱን ቀና አላደረገም።